የአባቴ የገና ሰሞን

ታኅሣሥ 19 ቀን 2005፣ ዓርብ

የጂኦሎጂ መምህራችን ዶክተሩ ስሜን ከዝርዝሩ ሰረዙት። ሰርዙኝ ያልኳቸው እኔው ራሴ ነኝ፤ ብዕራቸው በስሜ ላይ ሲያልፍ ግን ዓይኔን ከወረቀቱ አልነቀልኩም።

አፋር ለመስክ ጥናት ከሚወጡት ተማሪዎች ጋር ለመሄድ ማመልከቻ የጻፍኩት ጥቅምት ላይ ነበር። ጻፍኩ፣ ቀደድኩ፣ እንደገና ጻፍኩ። ከክፍላችን ግማሹ አመልክቶ ጥቂቶች ተመረጥን። ግቢው ትልቅ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ነው ሲሉን ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። እስካሁን ከምርምሩ የደረሰኝ ግን ተቆልፎ የሚውል የላቦራቶሪ በርና በሩ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ብቻ ነው። አሁን ሊደርሰኝ ሲል ተውኩት።

ለምን አሉኝ። ለገና የቤተሰብ ጉዳይ አለብኝ አልኩ። መነጽራቸውን አውልቀው ገና እንደሆነ በየዓመቱ ይመጣል አሉኝ። እሱስ ይመጣል። የአባቴ ሰሞን ግን በየዓመቱ ገና ላይ አይውልም። ይህንን ለእሳቸው ከየት ጀምሬ ላስረዳቸው? ካህናት በየተራ ሳምንት ይዘው እንደሚቀድሱ፣ ያ ተራ ሰሞን እንደሚባል፣ ዘንድሮ የአባቴ ተራ በላሊበላ ገና ላይ እንደዋለ፣ እሳቸውም ሸምግለው ሌላ የገና ሰሞን ለማየታቸው ዋስትና እንደሌለ። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ዲያቆን ነኝ። አባቴ በስልክ «ትመጣለህ፤ ከጎኔ ትቆማለህ» አሉኝ። አልጠየቁኝም። አባቴ ሰው አይጠይቁም።

በእኔ ቦታ የክፍሌ ልጅ ሂሩት ገባች። ደስ ብሏታል፤ ደስታዋን ግን ከእኔ ልትደብቀው ትሞክራለች። ምን ሆነህ ነው አላለችም። እኔም አልነገርኳትም። ዲያቆን መሆኔንም አታውቅም።

ዶርም ውስጥ ግን ሁሉም ያውቃል። ስሜን ማንም አይጠራም፤ ላሊበላ ነው የሚሉኝ። ዲያቆን በተክሊል እስኪያገባ ድንግል ሆኖ መቆየት እንዳለበት፣ ካልሆነ ድቁናው እንደሚፈርስና ቅስና እንደማይቀበል የሰሙ ቀን ሌሊቱን ሙሉ ሳቁብኝ። ይሳቁ።

ሂሩት ሁለት ዓመት ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ቦታ ስትይዝልኝ ኖራለች። በጠዋት ትሄድና ከጎኗ ያለው ወንበር ላይ ደብተሯን ታስቀምጣለች። ኅዳር ላይ ነስር ይዞኝ መጽሐፉ ላይ ሲንጠባጠብ ሻርፗን ውሃ ነክራ ግንባሬ ላይ ያዘችልኝ። ሻርፑን አጥቤ፣ አጣጥፌ መለስኩላት። አመሰግናለሁ አልኩ። ሌላ ልናገር የፈለግሁትን ዋጥኩት።

ታኅሣሥ 20፣ ቅዳሜ

ወልድያ። አልጋ በመከራ ተገኘ። አውቶቡሱ ምዕመናን ብቻ ነው የጫነው፤ እስከ ደሴ በመዝሙር፣ ከደሴ ወዲህ በእንቅልፍ።

ደሳለኝም አብሮኝ ነው። የሰፈሬ ልጅ ነው። አባቱ አስጎብኚ ነው፣ እሱም ገና ሳይመረቅ ግማሽ አስጎብኚ ሆኗል። እዚያው ግቢ ማኔጅመንት ይማራል። ክፉ ልጅ አይደለም። ግን አፉ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ከኋላ ወንበር ለተቀመጡት ሴትዮዎች የግቢውን ኑሮ ሲያወራላቸው ዋለ። ስለ ካፌው ወጥ፣ ስለ ዶርሙ ትኋን፣ ሴትና ወንድ እስከ እኩለ ሌሊት አንድ ጠረጴዛ ላይ እንደሚያጠና። ሴትዮዎቹ አማተቡ።

አብረን ነበር የተፈተንነው። ምርጫ የሞላን ዕለት ርዕሰ መምህሩ አስቡበት፣ አስቡበት ሲሉ እኔ ሳላስብ አንደኛ ላይ ይህንኑ ግቢ ጻፍኩ። አርክቴክቸር እፈልግ ነበር። ሕንፃ ከላይ ወደ ታች በተሠራበት አገር ያደገ ልጅ ሌላ ምን ይመኛል? ግቢው ደረሰኝ፣ ትምህርቱ አልደረሰኝም። በውጤት ሲደለድሉን ጂኦሎጂ ወደቅሁ። የመጀመሪያውን ዓመት በቁጭት አሳለፍኩ። ሁለተኛው ላይ ድንጋዩ ራሱ ወደደኝ መሰለኝ፤ ወይ እኔ ወደድኩት። ለማንም አልተናገርኩም።

ታኅሣሥ 21፣ እሑድ

ቤት ገባሁ። ግቢያችን ውስጥ እግር ማሳረፊያ የለም። እንግዶቹ ከሰቆጣ፣ ከራያ፣ ከጎጃም ሁሉ በእግራቸው የመጡ ናቸው። እማ ገበቴ ይዛ የእግራቸውን አቧራ እያጠበች ነበር። እኔን ስታይ ተነሥታ በእርጥብ እጇ አገላብጣ ሳመችኝ። ካምፓስ እህል የለም ወይ አለችኝ።

ጎረቤታችን ጋሽ ሙሉ «ድንጋይ ተማሪው መጣ» ብለው ተቀበሉኝ። ድንጋዩንማ ቅዱሱ ከመላእክት ጋር ሆኖ ጨርሶታል፣ ለአንተ ምን ተረፈህ ብለው ሳቁ። አባቴም ሳቁ። አባቴ ሲስቁ ካየሁ ቆየሁ።

እማ የማገልገያ ቀሚሴን አጥባ፣ ቁመቴ ጨምሯል ብላ ጠርዙን ዘርግታ ሰፍታዋለች። አባቴ መጽሐፉን ዘርግተው እስቲ የቅዳሴውን መልእክት አንብብልኝ አሉ። ግእዙ ከአፌ የጠፋ መስሎኝ ፈርቼ ነበር። አልጠፋም። እስከ መጨረሻው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ስጨርስ «በቃ» አሉ። ከእሳቸው አፍ በቃ ትልቅ ምስጋና ነው።

አፋርን ረሳሁት። የዛሬዋን ማታ ለመስክ መሣሪያውና ለዚያ እሳተ ገሞራ አልለውጣትም።

ታኅሣሥ 22፣ ሰኞ

ጎሕ ሳይቀድ ነሰረኝ። የመንገዱ አቧራ ነው፣ ደግሞም ብርዱ ደረቅ ነው። ከጓሮ ወጥቼ ከጀሪካኑ ውሃ እየቀዳሁ ታጠብኩ። ቆመ። ማንም አላየኝም።

ደም የፈሰሰው ሰው በዚያን ዕለት መቅደስ አይገባም። ሕግ ነው። ሌላው ቢሆን ቆሟል፣ ማን አየው ብሎ ይገባ ነበር ይሆናል። እኔ አልችልም። ካምፓስ ውስጥ ስንት ነገር ትቼ የጠበቅሁትን ነገር በሦስት ጠብታ ደም ላጎድፈው? የደጀ ሰላሙ በር ላይ ስንደርስ «አባ፣ እኔ ዛሬ አልገባም» አልኳቸው።

ቆም አሉ። ፊቴን አዩት። «እሺ» አሉና ገቡ። ቀሚሱን የአጎቴ ልጅ ሀብታሙ ለበሰው፤ ከእኔ ያንሳል፣ ጠርዙ መሬት ይጠርግበት ነበር።

ለምን አልገባህም አላሉኝም፤ ደግ አደረጉ። ከመቅደስ የቀረን ዲያቆን ለምን ቀረህ ብሎ መጠየቅ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ሕልም አይቶ ይሆናል፣ ታሞ ይሆናል፣ ከሰው ተጣልቶ ይሆናል፤ በእሱና በፈጣሪው መካከል ነው። በልጅነቴ ይህንን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ስለዚህ እኔም ዝም አልኩ። ቅዳሴው እስኪያልቅ ከሕዝቡ ጋር ውጭ ቆሜ አስቀደስኩ። ደሳለኝ ፈረንጆች ይዞ ሲያልፍ አየኝና በዓይኑ ጠቀሰኝ።

ነገ እገባለሁ።

ታኅሣሥ 23፣ ማክሰኞ

አልገባሁም።

ገበዙ በር ላይ ጠበቁኝ። የቤተ ክርስቲያኑን ሥራ ሁሉ የሚያዙት እሳቸው ናቸው። ትከሻዬን ያዝ አደረጉና በፍቅር፣ ተለሳልሰው መንገድ አድክሞሃል ልጄ፣ ዕረፍ፣ ሀብታሙ ጀምሮታልና እሱው ይጨርሰው አሉኝ። ደህና ነኝ፣ ዛሬ ምንም የለብኝም አልኳቸው። «ዕረፍ» አሉኝ ደግመው። አባቴን አየሁ። ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ ነበር። ያልተጣመመ ጥምጥም።

እስከ ገናስ አልኩ። ሀብታሙ አለ አሉ።

ቀኑን ሙሉ ነገሩን እንደ እንቆቅልሽ ሳገላብጠው ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ከቧንቧው ወረፋ ላይ ጎረቤታችን እታተ ይመኙ ፈታችልኝ። ቀስ ብላ ልጅቱ የየት አገር ልጅ ናት አለችኝ። የቷ ልጅ አልኳት። ሳቅ ብላ ጀሪካኗን አነሣች።

ያኔ ገባኝ። ደነዝ ነኝ፤ አንድ ቀን ሙሉ ፈጀብኝ።

ድቁናውን አፍርሷል ተብያለሁ። ካምፓስ የሄደ ልጅ እንዴት ይተርፋል፣ ሴት አለችው ሲባል እኮ ነበር፣ እንደመጣም ራሱ አፍሮ አልገባም አለ። አለቀ። ፍርድ ቤቱ ተሰይሞ፣ ምስክር ተሰምቶ፣ ውሳኔ ተሰጥቷል። ተከሳሹን የጠራው የለም።

ታኅሣሥ 24፣ ረቡዕ

የእማ ይብሳል።

ሽንኩርት ስልጥላት አጠገቤ ቁጭ አለችና ጥሩ ልጅ ናት ወይ አለችኝ። እማ፣ ምንም የለም አልኳት። እሺ አለችኝ፤ ታሞ አልታመምኩም የሚልን ልጅ እሺ እንደሚሉት። ሰው ከሰው ጋር ሲውል እንዲህ ነው፣ እኔ አልቆጣህም፣ አባትህም ይበርድላቸዋል አለች። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ አዲስ ነጠላ አመጣች። ጥለቱ አረንጓዴ ነው። ለራሷ ለጥምቀት ያሠራችው ነው። «ስጣት። እናቱ የላከችልሽ ነው በላት።»

አልቅሼ የማላውቀው ሰውዬ እንባዬ መጣ። ሽንኩርቱን አመሰገንኩ። ብትቆጣኝ ኖሮ እከራከራት ነበር። ላልሠራሁት ነገር ይቅርታ ስታደርግልኝ ምን እላታለሁ?

አባቴ ማታ እራት ላይ ስለ እንግዶቹ ማደሪያ ተነጋገሩ፣ ስለ ውሃው ተነጋገሩ። ለእኔ «ብላ» አሉኝ። በቀን አንዲት ቃል።

ለራሴ ልጻፈው፣ ቢያንስ እዚህ ይጻፍ፤ የሂሩትን እጅ እንኳ ለሰላምታ ካልሆነ ይዤ አላውቅም። ፈልጌ አላውቅም አላልኩም። አንድ ጊዜ ከቤተ መጻሕፍት ስንወጣ ዝናብ ይዞን ከአንድ ጃንጥላ ሥር ተጠግተን ነበር፤ ዲያቆን መሆኔ ትዝ ብሎኝ ጃንጥላውን ለእሷ ትቼ በዝናቡ ሮጥኩ። እብድ መስያት ይሆናል። ለዚህ ቀሚስ ብዬ ነው። ቀሚሱን አሁን ሀብታሙ መሬት ይጠርግበታል።

ታኅሣሥ 25፣ ሐሙስ

ደሳለኝን ከአንድ ሆቴል በር ላይ አገኘሁት። ልመታው ነበር የሄድኩት፤ ሰው መምታት እንደማልችል መንገድ ላይ ትዝ አለኝ።

ምን ብለህ ነው ያወራኸው አልኩት። ግራ ገባው። እውነቱን ነው ግራ የገባው። ቤተ መጻሕፍት አንዲት ልጅ ቦታ እንደምትይዝልህ ተናግሬያለሁ፣ ሌላ ካልኩ ምላሴ ይቆረጥ አለኝ። ለማን ተናገርክ አልኩት። ለአባቱ ነው። አባቱ ደግሞ ለገበዙ ወንድም እያመሰገነኝ፣ ልጁ ጎበዝ ነው፣ ሌሊት ሁሉ ያጠናል፣ ቦታ የምትይዝለት ልጅ እንኳ አለች ብሎ አወራለት። «የቀረውን ራሳቸው ናቸው የጨመሩት» አለኝ ደሳለኝ። «ለመሆኑ አንተስ ሰኞ ዕለት ለምን አልገባህም?»

ከተማው ውስጥ ይህንን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ልመታው የሄድኩት ሰው።

ነሰረኝ አልኩት። ሳቀ። አላመነኝም ማለት አይደለም፤ እንዲህ ቀላል መሆኑ አስቆት ነው። ታዲያ ተናገር እንጂ አለኝ። ለማን? ገበያ መሃል ቆሜ ነስሮኝ ነው ልበል? ሳልጠየቅ ከተናገርኩ ተከሰስኩ ብዬ ማመኔ ነው። ደግሞ ከቀናት በኋላ ነስር ነበር የሚልን ሰው ማን ያምናል? እኔም አላምነውም ነበር።

ታኅሣሥ 26፣ ዓርብ

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። አባ ገብረ ኪዳን ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ነው የለዩኝ። የሆነውን ሁሉ፣ የሂሩትን ነገር ሁሉ፣ ጃንጥላውን ሳይቀር ነገርኳቸው። ሻርፑ ጋ ስደርስ ፈገግ ያሉ መሰለኝ።

አምንሃለሁ አሉኝ። እንዲህ ቀጥ አድርጎ ያለኝ ሰው አልነበረም። እንግዲያስ ለገበዙ ይንገሩልኝ አልኳቸው።

«እዚህ የሰማሁትን እዚህ እቀብረዋለሁ ልጄ» አሉኝ። «መጥፎውን ቀብሬ ደጉን ባወጣው ዝም ያልኩለት ሁሉ በዝምታዬ ይታወቅበታል።»

ልክ ናቸው። ልክ መሆናቸው ነው ያናደደኝ። ከዚህ አገር ሰው ሁሉ ጋር ስነጋገር ሁሉም ልክ ነው። አባቴ አለመጠየቃቸው ልክ ነው። ገበዙ ለመቅደሱ መጠንቀቃቸው ልክ ነው። አባ ገብረ ኪዳን ልክ ናቸው። ደሳለኝ እንኳ ልክ ነው። ውጭ የቆምኩት ግን እኔ ነኝ።

ታኅሣሥ 27፣ ቅዳሜ

ውሃ ስቀዳ ዋልኩ። የእንግዶች እግር አጠብኩ። አንዲት አሮጊት ከሰቆጣ ወዲያ እንደመጣች ነገረችኝ፤ ተረከዟ ተሰነጣጥቋል። ምን ትሠራለህ አለችኝ፣ ተማሪ ነኝ አልኳት። ዩኒቨርሲቲ? አዎ። እጄን ይዛ ሃይማኖትህን ጠብቅ ልጄ አለችኝ። እሷ እንኳ ሰምታለች ብዬ ደነገጥኩ። አልሰማችም፤ ለሁሉም ነው የምትለው። ለካ ካምፓስ የሚለው ቃል ብቻውን ይበቃል።

ከሰዓት በኋላ ኔትወርክ መጣና የሂሩት መልእክት ገባ። ሠመራ ደርሰናል፣ ሙቀቱ ይገድላል፣ ዶክተሩ ናሙና እንዴት እንደሚወሰድ ለእኔ ብቻ ሁለት ጊዜ አሳዩኝ፣ አንተ ነበርክ መምጣት የነበረብህ ትላለች። ከታች ደግሞ፣ እዚያ ደህና ነህ?

ደህና ነኝ ብዬ ጻፍኩ። መልእክቱ አልሄደም። ደግሜ አልሞከርኩም።

ታኅሣሥ 28፣ እሑድ

ነገ ገና ነው። አባቴ ከሰዓት በኋላ ልብሳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ሲወጡ እኔ በረንዳው ላይ ነበርኩ። እንደ ወጉ ተነሥቼ መስቀል ተሳለምኩ። መስቀሉን ግንባሬ ላይ ከወትሮው ቆየት አደረጉት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። አሁን ይጠይቁኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢጠይቁኝ በአንድ ትንፋሽ እነግራቸው ነበር። ወርደው ሄዱ፤ ሀብታሙ ከኋላቸው መጽሐፉን ተሸክሞ።

ተናገር፣ ተናገር የሚለኝ ነገር አለ። ደግሞ አንድ ግትር ነገር፣ ያሳደጉህ አባትህ ናቸው፣ ሳትናገር ሊያውቁህ አይገባም ነበር ወይ ይለኛል። ይሄኛው ያሸንፋል። ሁልጊዜ ያሸንፋል።

ታኅሣሥ 29፣ ሰኞ። ገና

ሕዝቡ ዐለቱን ሸፍኖታል። እኔ ከታች ከሕዝቡ መሃል ነበርኩ፤ ካህናቱ ከላይ ጠርዙ ላይ ተደርድረው ያዜማሉ። አባቴ በስተቀኝ በኩል ናቸው። ድምፃቸውን ከሁሉም ለይቼ እሰማዋለሁ፤ እርጅና ትንሽ ሰንጥቆታል። ያመረ ነበር። የሚያምር ነገር እያየሁ እንዲህ መምረሬ አናደደኝ። አጠገቤ አንድ ፈረንጅ ካሜራውን አውርዶ ያለቅስ ነበር። እኔ አላለቀስኩም።

ጠዋት ቤት ተሰብስበን ጾሙ ተገደፈ። አባቴ ደክመዋል፣ ፊታቸው ግን በርቷል። እንግዶቹ አፍ አፋቸውን ያያሉ። እኔ ገበታው ጥግ ላይ ነበርኩ። የመጀመሪያዋን ጉርሻ ሳልውጥ ነሰረኝ። እንደ ባለፈው ሰኞው አይደለም፤ ወረደ። ነጩ ጋቢዬ ላይ፣ እንጀራው ላይ። እማ ጮኸች።

አባቴ ከሁሉም ቀድመው ተነሡ። ጓሮ ወስደው አጎነበሱኝና እየቀዱ አናቴ ላይ ውሃ ያፈሱልኝ ጀመር። እንደ ሕፃን።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚያደርግህ?»

ካምፓስ ከገባሁ ወዲህ ነው፣ አየሩ ሲደርቅ ይብስብኛል አልኩ። ከዚያ አጎንብሼ መሬቱን እያየሁ፣ ፊታቸውን ስላላየሁ ይሆናል የቻልኩት፣ «የመጣሁ ማግስትም ጎሕ ሳይቀድ ነስሮኝ እዚሁ ቦታ ታጥቤ ነበር» አልኩ።

ውሃው ቆመ።

«ሰኞ ዕለት? አልገባም ያልኸኝ ዕለት?»

«አዎ፣ አባ።»

ከቤት ውስጥ የእንግዶች ጫጫታ ይመጣል። ቀና ስል ጣሳው በእጃቸው እንዳለ ቆመዋል።

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«አልጠየቁኝም።»

«አይጠየቅማ» አሉ። ድምፃቸው ያ ከላይ ሲያዜም የሰማሁት ድምፅ አልነበረም።

ከዚያ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ። ለገበዙ አሁኑኑ ልንገራቸው አሉ። ተዉት አልኳቸው። ለምን አሉ። በአፍንጫዬ ምስክርነት መቅደስ አልገባም አልኩ። ክፉ አነጋገር ነው፤ በተለይ በገና ቀን። አልቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ገና እንደሆነ አልፏል። ሰሞኑም አልፏል። በእሳቸው ዕድሜ ዳግመኛ አይደርሳቸውም።

ታኅሣሥ 30፣ ማክሰኞ

ወልድያ። የመልስ ጉዞ፣ ያው አልጋ ቤት።

ጠዋት አባቴ መናኸሪያ ድረስ ካልሸኘሁህ አሉ። ሻንጣዬን ከእጄ ነጥቀው ራሳቸው ተሸከሙት። ቄስ የልጁን ሻንጣ ተሸክሞ በአደባባይ ሲሄድ ሰው ያያል። እንዲያይ ነው የተሸከሙት፤ ገብቶኛል። ገበዙን አገኘናቸው። አባቴ አልቆሙም፤ ከሩቅ ሰላም ብለው አለፉ። በእሳቸው አገር ይህ ብዙ ነው።

ሾፌሩ ሞተሩን ሲያስነሣ ክንዴን ያዙኝ።

«ልጠይቅህ» አሉኝ።

ደንግጬ አየኋቸው። እሳቸውም የደነገጡ ይመስላሉ።

«ያቺ የሚሏት ልጅ፣ አለች?»

«አለች፣ አባ። በመካከላችን ግን ምንም የለም።»

«አምንሃለሁ። ትወዳታለህ ወይ ነው የምልህ።»

«አዎ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ ያልኩት ለአባቴ ነው። ለእሳቸው እንደምለው አስቤ አላውቅም። አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንደገና አሰቡ።

«እሷስ ታውቃለች?»

«አልጠየቀችኝም» አልኩ።

ካልኩት በኋላ ነው የሰማሁት። አባቴም ሰምተውታል። መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙኝና ሻንጣውን አቀበሉኝ። አውቶቡሱ ሲዞር በመስኮት ዞሬ አየሁ፤ አሁንም እዚያው ቆመው ነበር።

ምሬቱ አልወጣልኝም። ሀብታሙ በእኔ ቀሚስ የቀደሰውን ቅዳሴ የሚመልስልኝ የለም። አፋርም ሄዷል። የከተማው ሰው አሁንም ያለውን ነው የሚለው፤ በሚቀጥለው ዓመት ስመለስ በንጹሕ አፍንጫ ብገባ እንኳ ከኋላዬ ይንሾካሾካሉ። እንደምመለስም እርግጠኛ አይደለሁም።

የእማ ነጠላ ሻንጣው ውስጥ ነው። ልመልሰው ብዬ ነበር፣ ደብቃ መልሳ ከተተችው። ለሂሩት ስሰጣት ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ዲያቆን ነኝ ብዬ ልጀምር፣ ወይስ በዝናቡ የሮጥኩበትን? ሁለቱን አንድ ላይ የሚይዝ ሰው ይኖር ይሆን? ተክሊል ማለት ምን እንደሆነ ሳስረዳት ልትስቅ ትችላለች። ልትሄድም ትችላለች።

ሌላ መልእክቷ አሁን ወልድያ ላይ ገባ። ከአፋር ሐሙስ ይመለሳሉ። እኔ ነገ እደርሳለሁ። ሐሙስ በጠዋት ሄጄ ቦታ እይዝላታለሁ።